ዋሱ ማነው?

ሐዋሳ የገባሁት በ14 ዓመቴ ነው፤ ከሶዶ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኜ። ቀን መናኸሪያው በር ላይ ጫማ እጠርጋለሁ፣ ማታ በረንዳ አድራለሁ።

ሰው “ለምን ሌባ ሆንክ?” ሲለኝ “ርቦኝ” እንድለው ይጠብቃል። አልራበኝም። ጫማ ጠርጎ ምሳ የሚበላ ሞልቷል። ትልልቆቹ ልጆች የሊስትሮ ሣጥኔን ወሰዱብኝ። የመለሱልኝ አብሬያቸው መዋል ስጀምር ነው። ከዚያ ወዲያ ማታ የሚነካኝ ጠፋ። በቃ፣ የገባሁት እንዲህ ነው።

ሥራው የሦስት ሰው ነው። አንዱ ያዋክባል፣ አንዱ ይመነትፋል፣ አንዱ ይቀበላል። እኔ ተቀባይ ነበርኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ስልክ የሚያወራ፣ ክንዱን ወደ ውጭ ያወጣ ሰው ከሩቅ ይታየናል። (አሁንም ይታየኛል። እባካችሁ እጃችሁን አስገቡ።) 9,000 ብር የሚያወጣውን ቀፎ ገዢው 1,200 ይለዋል። ለእኔ 400 ይደርሰኛል። እናቴ “የሌባ ገንዘብ በረከት የለውም” ትል ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በረንዳ ላይ ነው፦ ኪስህ ካደረ ጀለስህ ራሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ሳይነጋ በጫት፣ በቢራና በአልጋ ትጨርሰዋለህ።

ስርቆት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ሁላችንም እናውቃለን። ማንንም አላስቆመም። ሁለቴ ታስሬያለሁ፤ ስፈታ በር ላይ የጠበቁኝ እነዚያው ልጆች ናቸው። አንድ ምግብ ቤት ሥራ ብጠይቅ “ዋስ አምጣ” አሉኝ። ከየት? ልጅ ከጎዳና ላውጣ የሚል ሰው ምክሩን ቀነስ አድርጎ ዋስ ቢሆነው ይሻላል።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዋስ አልጠየቁኝም። ቢላ ሰጥተው ቆሮሶ ዓሣ አስላጡኝ። ግን በአንድ ቀን አልወጣሁም። ስድስት ወር ያህል ቀን ዓሣ እየላጥኩ፣ ማታ ሲጠሩኝ እሄድ ነበር።

እዚያ ቡና የሚያፈሉት እትዬ የሳምንት 200 ብር እቁብ አስገቡኝ። እጣው በጊዜ ወጣልኝ። ሰብሳቢው ብሩን ይዞ “ዋሱ ማነው?” አለ። አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ “እኔ ነኛ! ፈርሙ በሉኝና ልፈርም” አሉ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ መጡ። “ሠርግ አለ፣ ቀላል ነው” አሉኝ። ብያዝ 200ዋን ማን ይጥላል? እትዬ። ከቡናቸው ላይ።

“ሥራ አለኝ” አልኳቸው። ሳቁብኝ። ገና 19 ሳምንት ይቀረኝ ነበር።