ቀብር ላይ የማይነበብ የሕይወት ታሪክ

ደሴ ውስጥ አሥረኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አንዱ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ድርሰት ጻፉ ሲባሉ «ትምህርት ለአንድ አገር እድገት መሠረት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ሁሉም። ይህን ዓረፍተ ነገር ማረም ሲታክተኝ ስለ ራሳቸው ላጽፋቸው ብዬ ተነሣሁ። እንዴት እንደሠራሁትና ምን እንዳየሁበት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሆን ብዬ ሰፊውን ጠየቅኳቸው፤ «የሕይወት ታሪካችሁን ጻፉ»። የመጣልኝ እንዲህ ያለ ነው፦ «እኔ ተማሪ እገሌ ከአባቴ ከአቶ እገሌና ከእናቴ ከወይዘሮ እገሊት በደሴ ከተማ ልዩ ስሙ ሰኞ ገበያ በተባለ ቦታ በ2001 ዓ.ም ተወለድኩ። ዕድሜዬ ለትምህርት ሲደርስ…» ታውቁታላችሁ። ለቀስተኛ መሃል ቆሞ የሚነበበው ነው። ልጆቹ አይፈረድባቸውም። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሰሙት እዚያ ነው። አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩና «የቀረው የቀብሩ ሰዓት ብቻ ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ጽሑፍ ሲደርቅ ጓደኞቹ «ነፍስ ይማር» ይሉታል።

ቀጥሎ አሳነስኩት። ሕይወታችሁን ተዉት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ። ትናንትም ይሁን የዛሬ አምስት ዓመት ግድ የለም። አንድ ቦታ፣ እዚያ የነበረው ሰው፣ የተባለውም ነገር ልክ እንደተባለው። «ቲቸር፣ እኔ እኮ የሚጻፍ ሕይወት የለኝም» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ካሉኝ አንዱ ቅዳሜና እሁድ የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ብርድ ላይ የተሳፈረ ሰው ሙቀት ላይ ይወርዳል። ልጁ የጻፈው ይኸው፦ «ሐረጎን ስንጨርስ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። ሒሳብ የምጠይቀው ያኔ ነው። ኪሱ እጁ ላይ ስለሆነ አይነጫነጭም።» በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ፣ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም።

ከእነሱ በፊት እኔ እጽፋለሁ። ሰሌዳው ላይ፣ እያዩኝ። ከገጠር መጥቼ ቤት ተከራይቼ ስማር እናቴ በሰው የምትልክልኝን ስንቅ ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ አልጋ ሥር ደብቄ ነበር። ያንን ማታ ጻፍኩላቸው። ስሰርዝ ያያሉ፣ የሰረዝኩትን ስመልስ ያያሉ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። መምህር ሲሰርዝ አይተው አያውቁም።

ከጻፉ በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነባበባሉ። ሰሚው «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፣ ጸሐፊው መልሱን በአፉ ሳይሆን በወረቀት ይሰጣል። «ያኔ እናትህ ምን ይዛ ነበር?» የምትል ጥያቄ ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ የበለጠ ትሠራለች።

ከዚያ ወደ ስም እንሄዳለን። ስማችሁን ማን አወጣው? ለምን? ወሎ ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እንኳ መጀመሪያ መሐመድ አሊ ነበሩ። ስማቸው የተለወጠው አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጠሩት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ወዲህ ክርስትና ሲነሡ ነው። ትምህርቱን በዚህ ነው የምጀምረው። እዚሁ ደሴ ያለውን የአይጠየፍ አዳራሽ ሲያዩ ያደጉ ልጆች አዳራሹን ያሠሩት ሰው ሁለት ስም እንደነበራቸው ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ቤት ጠይቀው ሲመጡ ብዙዎቹ የሌላው ሃይማኖት ስም ያለው አያት ወይም ቅድመ አያት ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ግን «እናቴ ይህንን አትጻፊ ብላኛለች» አለችኝ። አልጻፈችም። ማርኳም አልተነካም።

አያት ማናገርም አለበት። የተወለዱበትን ዓመት ብዙዎቹ አያውቁትም። ግን «በ66 ረሃብ ጊዜ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላሉ፣ «በ77 አጎትህን አርግዤ ነበር» ይላሉ። ተማሪው ከዚያ ተነሥቶ ዕድሜ ያሰላል። የታሪክ መምህሩ ይህን ሰምቶ ሐሳቡን ወስዶብኛል። ይውሰድ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እነዚህ ልጆች 12 እና 13 ዓመት ሲሆናቸው ጦርነቱ ደሴ ገባ። በጥቅምት 2014 ከተማዋ ተያዘች፣ ኅዳር ማለቂያው ላይ ተለቀቀች። ስለዚያ ጻፉ ብዬ አዝዤ አላውቅም። ግን ይመጣል። «አንድ ሰዓት» ስትላቸው የትኛውን ሰዓት እንደሚያመጡ የምትመርጠው አንተ አይደለህም። ስለዚህ ደንብ አወጣን። እንዲነበብ ያልፈለጉትን ገጽ ያጥፉታል። የታጠፈ ገጽ አልገልጥም። መጻፉን ብቻ አይቼ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ተማሪ በታጠፈው ገጽ መሃል ጥቂት የጤፍ ፍሬ አድርጎ ሰጠኝ። ደብተሩን ስመልስለት ቀስ ብሎ ገልጦ አየና «ይቅርታ ቲቸር፣ እየፈተንኩዎት ነበር» አለኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በክፍሉ የሚታጠፈው ገጽ በዛ።

አስቀድሜ የምነግራቸው ሌላም አለ። ባልታጠፈው ገጽ ላይ አሁን የሚጎዳችሁ ሰው እንዳለ ካነበብኩ ዝም አልልም፣ የምክር አገልግሎት መምህሯን አናግራለሁ። ይህ ሳይጽፉ በፊት መነገር አለበት። ካነበብኩ በኋላ ከሆነ ልጁ እንደተከዳ ይቆጥረዋል።

ጄምስ ፔኒቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ስለ ነገሩም ስለ ስሜታቸውም የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማእከል የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ሰው አፉን ሞልቶ የሚጠቅሰው ይህንን ነው። እንደጻፉ ወዲያው ስሜታቸው መባሱን ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔን የጠቀመኝ ይህኛው ነው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አላጽፍም። ዓርብም አላጽፍም። ልጁ ከጻፈ በኋላ እረፍት፣ ኳስ፣ የጓደኛ ጨዋታ ይጠብቀው እንጂ ያንን ተሸክሞ ብቻውን ቤቱ አይግባ።

60 ደብተር እንዴት ይታረማል ለምትሉ፣ በሳምንት አንድ ረድፍ ነው የማርመው። ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ማርክ ግን ራስ ምታት ነው። «የእኔ እናቴ ስትሞት ነው፣ የእሱ ዶሮ ሲጠፋበት። እንዴት እሱ ዘጠኝ፣ እኔ ሰባት?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ይህን ጠይቃ ፊት ለፊትህ ለቆመች ልጅ «የእሱ አንቀጽ ይሻላል» ብሎ መመለስ አይቻልም፣ እውነት ቢሆንም። አሁን ማርክ የምሰጠው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ረቂቅ መካከል ላለው ልዩነት ነው። ምን ጨመረች? ምን ሰረዘች? ሰዎቹ ይናገራሉ ወይስ እሷ ብቻ ነች የምታወራው? አራት ነጥቡስ? የትኛው ጽሑፍ ይታረም የሚለውንም የሚመርጡት እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ የዶሮዋን ዓይነት ይሰጡኛል፣ የእናትን ለራሳቸው ያስቀራሉ። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ዓረፍተ ነገር መሥራት በዶሮም ይለመዳል።

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ይዘው ይሄዳሉ፣ ትምህርት ቤት አይቀርም። ወሬው ግን ቤት ይደርሳል። ባለፈው አንድ አባት ከሥራ አስፈቅደው መጡ። ከበር ላይ ሰላም ብለውኝ፣ አካባቢውን ቃኘት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ ስለ እኔ ምን ጻፈ?»

«እሱን ራሱን ይጠይቁት፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ።

«ይሁን፣ እሱስ ይቅር። ከአሥር ስንት ሰጡት ታዲያ?»