ከደሴ ይዘን የወረድነው ኳስ

ግራኝ በቴኒስ ደብል (ሁለት ለሁለት በሚደረገው ጨዋታ) አጣማሪዬ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ በግራው ስለሚመታ ነው እንዲህ የምንለው። ከሁለት የኮምቦልቻ ልጆች ጋር ስንቀጣጠር «በቻሌንጀር ሕግ እንጫወት» ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። ቻሌንጀር ከዋናው የኤቲፒ (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ውድድር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የፕሮፌሽናሎች ውድድር ነው። ማታ ማታ ደብሉን በስልክ አያለሁ። ዳታዬን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሕጉ ጊዜ አያባክንም። በአንድ ጌም ነጥቡ 40 እኩል ሲሆን አንድ ኳስ ይለያል። ያቺን ኳስ ከቀኝ ወይስ ከግራ እንቀበል የሚሉት ተቀባዮቹ ናቸው። ሴት አንድ ለአንድ ከሆነ ደግሞ (የቴኒሱን ሴት፣ ጌሞች ተጠራቅመው የሚሞሉትን ዙር ማለቴ ነው) እስከ 10 በሚቆጠር ታይብሬክ፣ ማለትም መለያ፣ ያልቃል፤ በሁለት መብለጥ ግን ግድ ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ሜዳ ስንገባ ኳሱ እምቢ አለን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። አየር ሲሳሳ ኳስ ይበራል፣ ሽቅብም ይነጥራል። የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን የምንመታው ተራውን ነው። ደሴ ላይ እንዳይወጣብን ቆጥበን መምታት ለምደናል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ምት ኔት ላይ ቀረ። 6 ለ 2 ተበላን።

ሁለቴ በእነሱ ሰርቭ (ኳሱን በሚያስጀምረው ምት) 40 እኩል ደርሰን ነበር። እኔና ግራኝ እንደ ሰርግ ቤት በር «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ አንተ» መባባል ያዝን። ሁለቱንም ጣልን። አሁን ቁርጥ ነው፦ ወሳኟን ኳስ ግራኝ ይቀበላል። ግራ በኩል ሲቆም ወደ ውጭ የሚሸሸው ሰርቭ ለፎርሃንዱ (ራኬት በያዘበት እጁ በኩል ለሚመታው ምት) ይመቸዋል።

በሁለተኛው ሴት ኳሱን ከኔት አንድ ክንድ ከፍ አድርገን ሙሉ ክንድ ለቀቅንበት። 6 ለ 4 አሸነፍን።

ታይብሬኩ 9 እኩል ደረሰ። ሰርቩ የግራኝ ነው። እኔ ኔት ላይ ሆኜ ከጀርባዬ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ወደ ሌላው ጎን እሻገራለሁ፣ አንተ ቦታዬን ሸፍን ማለት ነው። ጭብጥ ቢሆን እቆያለሁ ነበር። ግራኝ ልብ አላለም። ተሻገርኩ፣ እሱም ካለበት አልነቃነቅ አለ፣ ኳሷ ጥዬው በሄድኩት ባዶ ቦታ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ምልክቱን ያየ «እሺ» ሳይል ሰርቭ የለም። ቀጣዩን ሰርቭ እኔው ተቀበልኩና ኔት ውስጥ ከተትኩት። 11 ለ 9።

ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ግራኝ አንዷን ኳስ እየጨመቀ «አሁን ጠነከረች» አለኝ። ተቀብዬ ጨመቅኳት። ለእኔ ያው ናት።