የለም እና አይታይም

«ብሎን የለም» አልኳቸው። ሁለት ቃል ናት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዛሬም ትዝ ስትለኝ ታንገበግበኛለች።

ልጁ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ሕንድ ሄዶ ተሠርቷል። በስምንተኛው ወር ጉልበቱ አብጦ አባቱ ይዘውት መጡ። የራጅ ማዘዣው «ቀኝ ጉልበት፣ ከፊትና ከጎን» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። አነሣሁት። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አባትየው ከኋላዬ ቆመዋል። ማስገባት አልነበረብኝም፤ ዓይናቸውን አይቼ ነው ዝም ያልኩት።

«ልጄ፣ ብሎኖቹ የታሉ?»

«የምን ብሎን?»

«ጅማቱን ያሰሩበት ነዋ። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው ብለውናል።»

ምስሉን አጎላሁት። ብርሃኑን ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ብረት ቢኖር ፍንትው ብሎ ይነጣ ነበር። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ብረት አይቻለሁ። ዞር ብዬ ያቺን ቃል ተናገርኩ። «አባባ፣ ብሎን የለም።»

ቶሎ አልመለሱልኝም። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ መካኒክ ነኝ» አሉ። «ያልቀየሩትን ዕቃ ቀየርን ብለው ሒሳብ የሚቀበሉ አውቃለሁ። በሰው ጉልበት ግን እንዲህ ይደረጋል ብዬ አላሰብኩም።»

ኮሪደር ወጥተው ሕክምናውን ላመቻቸላቸው ሰው ደወሉ። ጩኸታቸው በሩን አልፎ ይሰማል። ቤት ተሽጦ እንደታከመ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ልጁ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል። «ስለዚህ ውስጡ ባዶ ነው?» አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም።

የአጥንት ሐኪሙ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው የሕንዱን ፋይል ነበር። አባትየው በፌስታል ይዘውት ዞረዋል፤ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም። መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጠርዙ የተላቀቀች ስቲከር ተለጥፋለች። የብሎኑ መጠን፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተሠራበት ነገር፦ ፖሊላክቲክ አሲድ።

«የሚሟሟ የፕላስቲክ ብሎን ነው፤ ዓመታት ይፈጅበታል» አላቸው። «ራጅ አያሳየውም እንጂ አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እነሱ ፊት፣ «'የለም' እና 'አይታይም' አንድ ነው እንዴ?» አለኝ። ፊቴ ጋለ። ብቻዬን ቢነግረኝ ምን ነበረበት እላለሁ። ያለው ነገር ግን ልክ ነበር።

ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው እኮ። ፖሊላክቲክ አሲድ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው፤ ሥጋችንም በአብዛኛው ከእነዚሁ ነው። የካርቦን አቶማዊ ቁጥር 6፣ የኦክስጅን 8 ነው። አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም 20፣ ቲታኒየም 22 ነው። ራጅን የመዋጥ አቅም ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር በኩብ ገደማ ይንራል። ስለዚህ ቲታኒየሙ ሲነጣ፣ ጨረሩ ፕላስቲኩን እንደ ሥጋ ያልፈዋል። ከሄዱ በኋላ ምስሉን መልሼ ከፈትኩት። አጥንቱ ውስጥ ጠቆር ያለ ቦይ አለ፤ ዙሪያው በቀጭን ነጭ መስመር ተከብቧል። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ነው። ያኔም ዓይኔ ሥር ነበር፤ ብረት ስፈልግ አለፍኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ስለ ብሎኑም የምለው አለኝ። ሰው ገላ ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ዕቃ፣ በየከተማው ባለ ተራ ማሽን እንዳይታይ ሆኖ ለምን ይሠራል? መፍትሔው እኮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አብዞርብ የተባለው የሚሟሟ የልብ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ የደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጥቃቅን የፕላቲኒየም ምልክቶች ነበሩት። ስቴንቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ከገበያ ወጣ፤ የምልክቱ ሐሳብ ግን ጥሩ ነበር፤ ሐኪሙ ቢያንስ ጫፎቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ሬቫ ሜዲካል የተባለው ኩባንያ ደግሞ ፋንተም በተባለው ስቴንቱ አዮዲንን ከፕላስቲኩ ሞለኪውል ጋር አሰረው፤ ያኔ ሙሉ ስቴንቱ ይታያል። አዮዲን 53 ነው፤ ለሲቲ ምርመራ ምስሉ እንዲጎላ በደም ሥር የምንሰጠው ኮንትራስትም እሱው ነው። በራጅ ነጥቶ የሚታየውን ባሪየም ሰልፌት የተባለ ዱቄት መቀላቀልም ይቻላል። ዱቄቱ ሲበዛ ግን ብሎኑን ያደክመዋል፤ ፕላስቲኩ ከሟሟ በኋላም ዱቄቱ የት ይሄዳል የሚል ጥያቄ አለ። ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ብሎን ተሰብሮ ስባሪው መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እኛ ራጅ አንሥተን «ንጹህ ነው» እንላለን። ታንታለም ከሚባለው ብረት አንዲት ነጥብ ብሎኑ አናት ላይ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር።

የልጁ ኤምአርአይ ሁለቱንም ብሎኖች ጥቁር አድርጎ አሳየ። ጅማቱም ሙሉ ነበር። እብጠቱ ቶሎ ወደ ሜዳ ከመመለሱ የመጣ ነው ተባለ። አባትየው ያን የሰደቡትን ሰው መልሰው ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ይሄ ነው የሚብስብኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉልበት ሳነሣ «የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይዘዋል?» ሳልል ቁልፉን አልጫንም።

በዓመቱ ለክትትል ተመለሱ። አባትየው ከኋላዬ ቆሙ፤ አሁንም ውጡ አላልኳቸውም።

«ዛሬስ?»

«አይታይም፣ አባባ።»

«ግን አለ?»

ወረቀቱን አይቻለሁ፣ ኤምአርአዩንም አይቻለሁ። በዚያን ቀን ራጅ ግን «አለ» ብዬ መማል አልችልም። ምስሉን አጎላሁና ጣቴን ነጩ መስመር ላይ አሳረፍኩ። «ቦታው ይኸው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን ረጅም ጊዜ አዩት።