በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቆየው ወታደር

አማቴ ምድር ቤት ሲያጸዱ አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ አግኝተው ይዘውልኝ መጡ። «የአያቴ ነው። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አንድም ቀን አውርተውን አያውቁም» አሉኝ። ውስጡ አሥራ አንድ ፎቶዎች፣ በአንድ መርፌ ላይ የተደረደሩ ሦስት ሜዳሊያዎችና አንዲት ጥቁር ባጅ ነበሩ። ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት አጠገብ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት ቢያልፉም፣ ስለ ባለቤቴ ቤተሰብ ያን ያህል አላውቅም ነበር። ቆርቆሮውን ተቀብዬ ሥራ ጀመርኩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርኩት ከሜዳሊያዎቹ ነው። አሁን ቢሆን ከነሱ አልጀምርም።

የመጀመሪያው ሜዳሊያ የሁለተኛ ደረጃ የብረት መስቀል ነው። ፊቱ ላይ 1914፣ ጀርባው ላይ 1813 ይላል። 1813 የፕሩሲያ ንጉሥ ሽልማቱን ያቋቋሙበት ዓመት ነው እንጂ ከወታደሩ ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው ሰይፎች ያሉበት መስቀል ሲሆን «1914/1918» ተጽፎበታል። ይህን አይቼ ለባለቤቴ «አራቱንም ዓመት ተዋግተዋል» አልኳት። ተሳስቻለሁ። ይህን መስቀል ያቋቋሙት የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ በሐምሌ 1934 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሰይፍ ያለበት ግንባር ለነበረ፣ ሰይፍ የሌለበት ከግንባር ውጭ ላገለገለ፣ ጥቁሩ ደግሞ ለሟች ሚስቶችና ወላጆች ይሰጥ ነበር። እንግዲህ ይህ መስቀል የሚነግረኝ ሰውየው ግንባር እንደነበሩና ከጦርነቱ በሕይወት እንደተመለሱ ብቻ ነው። ስንት ቀን ግንባር እንደቆዩ አይናገርም።

በሦስተኛው፣ በብር ሜዳሊያው ላይ የአንድ ሰው ፊትና «ዳግማዊ ቪልሄልም» የሚል ስም አለ። ካይዘሩ፣ ማለትም የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ናቸው ብዬ አለፍኩት። ከሳምንት በኋላ በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን ሳነበው «የቩርተምበርግ ንጉሥ» ይላል! ለካ በአንድ ዘመን ሁለት ዳግማዊ ቪልሄልም ነበሩ። በካይዘሩ ጀርመን ውስጥ አራት መንግሥታት፣ ማለትም ፕሩሲያ፣ ባቫሪያ፣ ሳክሶኒና ቩርተምበርግ፣ የየራሳቸው ንጉሥና የየራሳቸው ሽልማት ነበራቸው። ይቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ፍለጋውን የወሰነችው ግን እሷ ናት። የፕሩሲያ ጦር መዛግብት በሚያዝያ 1945 ፖትስዳም በቦምብ ስትደበደብ አብዛኞቹ ተቃጥለዋል። የቩርተምበርግ ግን ተርፈው እዚሁ ሽቱትጋርት፣ በመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ይህን ሳውቅ ልቤ ዘለለ።

ጥቁሯ ባጅ የቁስለኛ ምልክት ናት። ጥቁር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለቆሰለ፣ ብርማ ሦስትና አራት ጊዜ፣ ወርቃማ አምስትና ከዚያ በላይ።

ከዚያ ወደ ፎቶዎቹ ሄድኩ። እውነተኛው ወሬ ያለው እዚህ ነው። ዘዴው ፎቶዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። የሁለተኛው ደረጃ የብረት መስቀል በዘወትር የጦር ልብስ ላይ አይንጠለጠልም፤ ጥብጣቡ ብቻ በሁለተኛው የቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ጥብጣብ የሌለው ፎቶ ከሽልማቱ በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል፣ ያለው ግን በእርግጥ ከሽልማቱ በኋላ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ጫፉ ሹል የሆነውን የቆዳ ቆብ አድርገዋል፤ በሌሎቹ ደግሞ በ1916 የመጣውን የብረት ቆብ። የቆዳውን ቆብ በሸፈነው ጨርቅ ላይ የሬጅመንቱ፣ ማለትም የጦር ክፍላቸው ቁጥር አለ። በስካነር አጉልቼ ሳየው 127 ነው። የፎቶው ጀርባ ላይ የኡልም ከተማ ፎቶ አንሺ ማህተም አለ፤ 127ኛው ሬጅመንት ደግሞ የኡልም ሬጅመንት ነው። ሁለት ማስረጃ ሲገጥምልኝ ነው ያመንኩት። ሬጅመንቱ በ27ኛው ክፍለ ጦር ሥር በ1914 እና 1915 ፈረንሳይ አገር አርጎን ጫካ ውስጥ፣ በነሐሴ 1916 ደግሞ እዚያው ፈረንሳይ ሶም ወንዝ አካባቢ፣ ጊየሞን በምትባል መንደር ተዋግቷል።

እዚህ ላይ እስካሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። አራቱ ፎቶዎች ካርቶን ላይ ተጣብቀው ነበር። ጀርባቸውን ለማየት ቸኩዬ በወጥ ቤት ቢላ ፈለቀቅኳቸው። የአንዱ ጀርባ ከነጽሑፉ ተቀዶ ካርቶኑ ላይ ቀረ፤ ልልጠው ስሞክር ዱቄት ሆነ። እባካችሁ፣ የተጣበቀ ፎቶ አትንኩ። እንዳለ ስካን አድርጉት፣ ከዚያ የወረቀት ጥገና ለሚያውቅ ሰው ስጡት። የተረፉትን ጽሑፎች ያነበቡልኝ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት ናቸው። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ «e» የሚለውን ፊደል «n» አስመስሎ ስለሚጽፍ እኔ ብቻዬን አልችለውም ነበር።

ቀጥሎ የሟቾችና የቁስለኞችን ዝርዝር ፈለግሁ። በጦርነቱ ጊዜ እየታተመ ይወጣ የነበረ ነው፤ አሁን በኢንተርኔት በስም ይፈለጋል። ስማቸው የብዙ ሰው ስም ስለሆነ የትውልድ መንደራቸውን ባላውቅ ኖሮ አላገኛቸውም ነበር። ዝርዝሩ የወጣው በጥቅምት 1916 ሲሆን «ቀላል ቁስል» ይላል። በጥቅምት የቆሰሉ መስሎኝ ሁለት ሳምንት የተሳሳተ ውጊያ አነበብኩ። ዝርዝሩ ግን ከቁስሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ዘግይቶ ነበር የሚታተመው።

በመጨረሻ ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ስማቸው ያለበት ገጽ ተገኘ። ሃይማኖት፣ የወላጆች ስም፣ ውጊያዎች፣ ሽልማቶች፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተደርድሯል። ሥራ፦ አናጺ። ቁስል፦ ነሐሴ 1916፣ ጊየሞን፣ ቀኝ እጅ፣ ጥይት።

ገጹን ኮፒ አድርጌ ለአማቴ ወሰድኩላቸው። ቤተሰቡ የሚያውቃቸው በፖስታ ቤት ሠራተኝነታቸው ብቻ ነበር። አማቴ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ቆም አሉ። «ሁልጊዜ ሲኒውን በግራ እጃቸው ነበር የሚይዙት» አሉ። «ግራኝ ይመስሉን ነበር።» ዝርዝሩ ቀላል ቁስል ያለው እሱን ነው።

አሁን የቀረኝ ያ ጀርባው የተቀደደው ፎቶ ነው። በእሱ ላይ አንድ ሌላ ወጣት እጁን በአያትየው ትከሻ ላይ ጥሎ ይስቃል። ከስሙ የተረፈው «ፍራን» የሚለው ብቻ ነው። የ127ኛውን ሬጅመንት ዝርዝር ከላይ ጀምሬ፣ ፍራንዞቹን አንድ በአንድ እያየሁ ነው።