ቶሎ የወጡና እስከ መጨረሻው የቆዩ

ስለ ተዋንያን ወሬ በተነሣ ቁጥር ታላቅ እህቴ አንድ የማይነቃነቅ አቋም አላት። በተከታታይ ድራማ ስም ያገኘ ተዋናይ በጊዜ ወደ ፊልም ካልተሻገረ ችሎታው ባክኖ ይቀራል ባይ ናት። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ፊልም ውስጥ ጎበዝ መምሰል ለብዙዎች አያቅትም፤ ካሜራውም፣ ሙዚቃውም፣ አርታኢውም ያግዛል። አንድን ገጸ ባሕርይ ለዓመታት ሳያሰለቹ መሸከም ግን ሌላ ነገር ነው።

በክርክራችን ላይ ዴቪድ ካሩሶ ሳይነሣ አይቀርም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 በጀመረው «ኤን ዋይ ፒ ዲ ብሉ» የተባለ የፖሊስ ድራማ ላይ መርማሪ ሆኖ ሲሠራ በእውነት ድንቅ ነበር። አይጮህም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ ሊባል በሚችል አነጋገር ተጠርጣሪውን ያስጨንቀዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጎልደን ግሎብ ተሸለመ። ሁለተኛው ምዕራፍ ከተጀመረ ከአራት ክፍል በኋላ ግን ጥሎ ወጣ። በ1995 ለዕይታ የበቁት ሁለት ፊልሞቹ ገበያ አልቀናቸውም።

አጠገቡ የነበረው ዴኒስ ፍራንዝስ? ራሰ በራ፣ ቦርጫም፣ ለፊልም ፖስተር የማይታጭ ሰው። እሱ ድራማው በ2005 እስኪያበቃ ድረስ አሥራ ሁለቱንም ምዕራፍ ሠራ፤ አራት ጊዜም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ትልቁን ሽልማት፣ ኤሚን፣ ተሸለመ። ሲጀመር ዘረኛና ሰካራም የነበረ ፖሊስ ልጁን ቀብሮ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ሲወድቅና ሲነሣ ቆይቶ ቀስ በቀስ ሌላ ሰው ሲሆን አሳይቶናል። እንዲህ ያለውን ለውጥ በሁለት ሰዓት ውስጥ አሳያለሁ የሚል ዳይሬክተር ካለ አላምነውም።

ካሩሶ በ2002 በ«ሲ ኤስ አይ ማያሚ» ተመልሶ አሥር ምዕራፍ ሠርቷል። ሰው ሁሉ የሚስቀው መነጽሩን እያጠለቀ በሚወረውራቸው ዐረፍተ ነገሮች ነው። ለአሥር ዓመት እንጀራ ያበላ ሥራ አይናቅም፤ ግን የቀድሞውን ሹክሹክታ ለሚያስታውስ ተመልካች ያሳዝናል።

እህቴ ወዲያው ከድራማ ወደ ፊልም ተሻግሮ የተሳካለትን ጆርጅ ክሉኒን ታመጣብኛለች። ይሁን። ክሉኒ ግን ስም ያገኘበትን የሆስፒታል ድራማ «ኢ አር»ን ጥሎ አልሮጠም። ከ1994 እስከ 1999 የአምስት ዓመት ውሉን ጨርሶ ነው የወጣው፤ ፊልሞቹን እግረ መንገዱን ሲሠራ ቆየ። ለነገሩ ክሉኒን ከተዋናይነቱ ይልቅ ግርማ ሞገሱን ነው የምወድለት። በዚያ ድራማ ላይ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ብቻ ቀና ማድረግ ልማዱ ነበር፤ ለታማሚ ሕፃንም፣ ለፍቅረኛም፣ ለአለቃም ያው ነው።

የሚያስቸግረኝ የጁሊያና ማርጉሊስ ነው። ከዚያው ድራማ በ2000 ስትወጣ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት የቀረበላት ገንዘብ 27 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ሁሉም አበደች አላት። በ2009 «ዘ ጉድ ዋይፍ»ን ይዛ መጣችና በመሪ ተዋናይነት ሁለት ኤሚ ወሰደች። እዚህ ላይ እህቴ ፈገግ ትላለች። እኔም የመጣችው በተከታታይ ድራማ እንጂ በፊልም አይደለም እላታለሁ።

አሁን ወደ ብራያን ክራንስተን ልምጣ። በ«ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» ላይ ስድስት ዓመት በውስጥ ሱሪ የሚሯሯጥ አባት ሆኖ አሳቀን። ስለዚህ ደራሲው ቪንስ ጊሊጋን አደገኛ ዕፅ አምራች ስለሚሆን የኬሚስትሪ መምህር በሚተርከው «ብሬኪንግ ባድ» ላይ ለመሪነት ሲያጨው የጣቢያው ኃላፊዎች አመነቱ። ጊሊጋን ራሱ የጻፈውን የ1998 የ«ኤክስ ፋይልስ» ድራማ ክፍል አውጥቶ አሳያቸው። ክራንስተን እዚያ የሚሠራው አስጠሊታ ሰው ነው፤ ሆኖም ያሳዝናል። ሥራውን ያስገኘለት ይህ ነው፤ ድራማው በ2008 ሲጀምር ዕድሜው ሃምሳን አልፎ ነበር።

በ«ብሬኪንግ ባድ» የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ለሚስቱ ስልክ የሚደውልበት ትዕይንት አለ (ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት)። ፖሊሶች ቤቷ ሆነው እያዳመጡ እንደሆነ ያውቃል። እሷን ነጻ ለማውጣት ብሎ የስድብ መዓት ያወርድባታል። ድምፁን ብቻ የሚሰማ ሰው ጨካኝ ባል ነው ብሎ ይምላል። ፊቱ ግን ተጨማድዶ እንባው ይወርዳል፤ እንባው ወደ ድምፁ እንዳይገባ አፉን ከስልኩ ሲያሸሽ፣ ትንፋሹን ሲውጥ ይታያል። ይህን ያህል የሚከብደን ባለፉት ምዕራፎች ሁሉ ሰውየውን ከሥር ከሥር ስለተከተልነው ነው። ፊልም እንዴት እንደተጠቀመበት ደግሞ እዩ፤ የ2014ቱን «ጎድዚላ» ማስታወቂያ በእሱ ፊት ሞልተው ፊልሙ ሳይጋመስ ገደሉት!

ሂዩ ሎሪንም በአጭሩ ላንሣ። ናሚቢያ ውስጥ ሌላ ፊልም እየሠራ ሳለ በሆቴል መታጠቢያ ክፍል ተቀርጾ በላከው የሙከራ ቪዲዮ በ«ሃውስ» ድራማ የአንካሳውን ሐኪም ሚና አገኘ፤ ስምንት ምዕራፍ አነከሰ፤ አንድም ኤሚ አልሰጡትም።

ከዚህም የባሰ አለ። ጊሊጋን ከ«ብሬኪንግ ባድ» ቀጥሎ ከባልደረባው ጋር የፈጠረው «ቤተር ኮል ሶል» ከ2015 እስከ 2022 ሲታይ 53 ጊዜ ለኤሚ ታጭቶ አንድም ሳያገኝ አበቃ። እንደ እኔ ከሆነ ትልቁ በደል የደረሰው በሬይ ሲሆርን ላይ ነው። ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ የምታስረውን ያቺን ጠበቃ ስትሠራ ስሜቷን በመንጋጋዋ እንጂ በቃላት አትናገርም። ድራማው ሊያልቅ ሲቃረብ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ እንባዋን ልትገታ ትታገላለች፤ ካሜራው ሳይቋረጥ ይጠብቃታል፤ በመጨረሻ ይገነፍላል። አጠገቧ ያለች የማታውቃት ሴት እጇን ክንዷ ላይ ታሳርፋለች። አንድ ቃል የለም።

ጊሊጋን ሸላሚዎቹን አልጠበቀም። በ2025 የወጣውን «ፕሉሪበስ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ለሲሆርን ብሎ ጻፈው። ይህን ስነግራት እህቴ «ፊልም ቢሆን ይሻላት ነበር» አለች፤ ገና አንዱንም ክፍል አላየችም።