ወዴትም የማይሄደው ሶኬት

ስፓርክስቴሽን 5 የሚባል ኮምፒውተር አለኝ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው። በዘመኑ ኢንጂነሮችና ተመራማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚውለው። ለእኔ የደረሰኝ ግን አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ እቃ በጨረታ ሲያወጣ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተጠቅልሎ ነው። ከወንበሮቹ አንዱን አስቀርቼ ሌሎቹን ሸጥኩ። ጓደኞቼ የተሳሳተውን ነው የሸጥከው ይሉኛል።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ በአንዲት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አከራዬን ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው። ማሽኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ያመጣሁ ዕለት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ቴሌቪዥኑ የታል?"

"ይኸኛው ቴሌቪዥን አይፈልግም እትዬ።"

እውነቴን ነው። ሰን ኪቦርድ ካላገኘ በሲሪያል ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ ያወራል። እኔም ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ ነው የማዘው። እትዬ ግን ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ያው የተጭበረበርኩበት እቃ ነው ብለው ደመደሙ። ለጎረቤት ሁሉ "ሳጥኑን ሸጠውለት ቴሌቪዥኑን አስቀሩበት" እያሉ አዘኑልኝ።

እንደዚህ ያለ ማሽን የያዘ ሰው ባለበት አይተወውም። ማሳደግ አለበት። ከማሳደጌ በፊት ግን ማሽኑ ማንነቱን ረስቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቺፕ አለች፤ ሰዓት፣ 8 ኪሎባይት ሜሞሪና ባትሪ አንድ ላይ የታሸጉባት። ባትሪዋ ሲሞት የኔትወርክ አድራሻው ሳይቀር ይጠፋል። መፍትሔው የቺፗን ጀርባ በሞረድ ፍቆ፣ የውስጡን ባትሪ ቆርጦ፣ ከውጭ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ መበየድ ነው። የእኔ እጅ ለዚህ አይሆንም። ገበያ ወርጄ አንድ ሰዓት አዳሽ ዘንድ ሄድኩ።

"እኔ የምሠራው ሰዓት ነው" አለኝ ቺፗን ሲያያት።

"ይቺም ሰዓት ናት።"

አገላብጦ አያት። "ቆጣሪው የታል?"

"ውስጥ ነው።"

"ስንት ሰዓት ትላለች?"

"አትልም፤ ባትሪዋ ሞቷል።"

"ታዲያ ባትሪ አትለኝም!" ብሎ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። እንዴት ያለ እጅ መሰላችሁ! የሰዓት ባትሪ ዋጋ ብቻ አስከፈለኝ። ስወጣ ደግሞ "ማሰሪያ አላት? ላጥብቅልህ" አለኝ። አድራሻውን እቤት ገብቼ በእጄ መልሼ ጻፍኩለት።

ራሙ፣ ማለትም የሥራ ሜሞሪው፣ ቀላል ነበር። ስምንት ቦታ አለው። አራቱ ላይ ባለ 8 ሜጋባይት ተሰክተው ነበር፣ በድምሩ 32። ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ስምንት ባለ 32 አስመጣሁና ሞላሁት። 256 ሜጋባይት። ከዚህ በላይ አይቀበልም። ዛሬ አንድ የሠርግ ቪዲዮ የማይዝ ሜሞሪ ነው፤ እኔ ግን በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። የወጡትን አራቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

የቀረው ዲስክ ነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከነሳጥኑ አንድ የውጭ ስካዚ ዲስክ አገኘልኝና በአውቶቡስ ላከው። በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ደረሰ። ረዳቱ ምን ጭኖበት እንደመጣ ባላውቅም ሳጥኑ በርበሬ በርበሬ ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ስካዚ ትንሽ ልበል። ዲስክና መሰል እቃን ከኮምፒውተር ጋር የማገናኛ ዘዴ ነው። እቃዎቹ በአንድ ገመድ ላይ ተራ በተራ ይቀጣጠላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለት እቃ አንድ ቁጥር ከያዘ ይጣላሉ። የውስጡ ዲስክ 3 ስለሆነ አዲሱን 2 አደረግኩት። ከዚያ የመጨረሻው ሳጥን ጀርባ ላይ ተርሚኔተር ይሰካል። ተርሚኔተር ማለት ገመድ የሌለው ሶኬት ነው። ይሰካል፣ ወዴትም አይሄድም። እሱ ከሌለ ግን መስመሩ ይታወካል።

ቅዳሜ ማታ ሁሉም ሠራ። ዲስኩ ታየ፣ ፎርማት ሆነ፣ ፋይል መገልበጥ ጀመርኩ። ሌሊቱን ይሥራ ብዬ ተኛሁ። እሑድ ጠዋት ጊዮርጊስ ተሳልሜ ስመለስ ላፕቶፑ ላይ "ስካዚ ትራንስፖርት ፌይልድ፣ ሪትራይንግ" የሚል መዓት ተደርድሯል፤ ማስተላለፍ አልተሳካም፣ እንደገና እየሞከርኩ ነው ማለቱ ነው።

መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። ይኸ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ አውቶቡሱን ጠረጠርኩ። ከዚያ የእትዬን የልጅ ልጅ፤ የሳጥኑን ቁጥር የሚቀይሩትን ቁልፎች በጣም ትወዳቸዋለች። ቁጥሩ ግን 2 ላይ ነው። ልጅቷን በሆዴ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሳጥኑ ጀርባ ስዞር ተርሚኔተሩ የለም።

ወንበሬም የለም።

በዚህ መሐል እትዬ "ና ቡና ጠጣ!" ብለው ጠሩኝ። ስገባ እንግዳ ሞልቷል። ወንበሬ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። ከረከቦቱ አራት እግሮች አንዱ አጭር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የእኔ ተርሚኔተር ተጋድሟል። ሲኒዎቹ ንቅንቅ አይሉም።

ምን ይደረጋል? ቡና በተቀዳበት ረከቦት አይነካም። አቦሉን ጠጣሁ። ሽማግሌው ስለ ዘንድሮ ዝናብ አወሩ። ቶናውን ጠጣሁ። ከግድግዳው ማዶ ዲስኩ እየሞከረ ሲጮኽ ይሰማኛል። እትዬ "ያ ነገርህ ዛሬ ምን ሆነ?" አሉኝ። በረካው እስኪወጣ ዓይኔን ከዚያች እግር አልነቀልኩም። አንዲት እንግዳማ ከረከቦቱ ሥር የወደቀ ገንዘብ ያየሁ መስሏቸው ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

ሲኒው ሲታጠብ ነገሩን አወጣሁት።

"እትዬ፣ ይቺን ከየት አገኟት?"

"ወንበር ልወስድ ገብቼ ነዋ። ወዴትም የማይሄድ ሶኬት ተሰክቶ አየሁ። ትርፍ ነው ብዬ ነቀልኩት። ምነው?"

"ትርፍ አይደለም። ታና ላይ ማዕበሉ ድንጋይ ሲመታ ይመለስ የለ? ደንገል ካለ ግን እዚያው ይበርዳል። በገመዱ የሚሄደውም ነገር ጫፍ ሲደርስ እንዳይመለስ የምታደርገው ይቺ ናት።"

እትዬ አሰቡበት። "ደንገሉንማ ጨረሱት" አሉ። "አሁን ያለው እምቦጭ ነው።"

ሽማግሌው ይኸን ጊዜ ነቁ። ስለ እምቦጭ ጨዋታው ደራ፤ ሰው ታና ገብቶ በእጁ ሲነቅል መዋሉ፣ ተነቅሎ ደግሞ መልሶ መብቀሉ። የእኔ ተርሚኔተር ተረሳ። ጎንበስ ብዬ ልስብ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

"ረከቦቴስ?"

"ካርቶን አጥፌ አደርግልዎታለሁ።"

"ካርቶን ውኃ ሲነካው ይሟሽሻል። እንደዚህ ያለ ጠንካራ አምጣ።"

መሳቢያዬን ከፈትኩ። አራቱ አሮጌ ራሞች እንደተኙ ናቸው። ሁለቱን ደርቤ በፕላስተር ጠቀለልኩና ከእግሩ ሥር አስገባሁ። ልክክ አለ። ተርሚኔተሬን ይዤ ሮጥኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ሰክቼ አስነሳሁት። ሁለቱም ዲስኮች በየቁጥራቸው ወጡ። ፋይሉን ከመጀመሪያው መገልበጥ ጀመርኩ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው።

"ያቺ ያመጣሃት ከሶኬቱም በለጠች። ሌላ አለህ?"

"ሁለት ቀርቶኛል። ለምን?"

"ቁም ሳጥኑም ያነክሳል።"

ያንንም ሰጠኋቸው። አሁን ረከቦቱ 16 ሜጋባይት፣ ቁም ሳጥኑም 16 ሜጋባይት አለው። ወንበሬ ግን እስካሁን አልተመለሰም።