አፍራሽ ደቦ

ማርቆስ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጨፍግጋ ነው የዋለችው። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እኔም እንዲሁ ያለምክንያት ከፍቶኛል። እማዬ የድሮ ቀሚሷን ለብሳ ወጣችና «ይሄ ቀሚስ ምን ነካው? መሬት ይጠርጋል» አለችኝ።

ቀሚሱን ምንም አልነካውም። ያጠረችው እሷ ናት፤ አጥንቷ እየሳሳ። «እናሳጥረዋለን» ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አጥንቷ ላይ ነው። አጥንት የሚበሉ ሴሎች አሉ፤ ኦስቲዮክላስት ይባላሉ። ዘራቸው ከመቅኒ ነው፤ ጀርም ከሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች ጋር ይዛመዳሉ። ለየብቻ ሆነው አጥንት አይደፍሩም። ራሱ አጥንት ውስጥ ያሉት ሴሎች ራንክል በሚባል ፕሮቲን ይጠሯቸዋል። የተጠሩት ተጠጋግተው ሽፋናቸው ይዋሃድና አንድ ግዙፍ ሴል ይወጣቸዋል፤ በአንድ ገላ 5ም፣ 20ም ኒውክለስ፣ ማለትም የሴል እምብርት። ግዙፉ ዙሪያውን አጥንቱ ላይ ግጥም ብሎ ይጣበቃል። በታሸገችው ክፍተት አሲድ ይለቅና ማዕድኑን ያሟሟዋል። የተረፈውን ኮላጅን የተባለ የአጥንት ፕሮቲን ደግሞ ካቴፕሲን ኬ የተባለ ኢንዛይም ይቆራርጠዋል። ጉድጓዱን ገንቢ ሴሎች መጥተው ይሞሉታል። ማፍረሱ ሳምንታት ነው፣ መሙላቱ ግን ወራት። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ደቦ በሉት። ግን በደቦ ያጨደ ሰው ጠላውን ጠጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። እነዚህስ? በፈረንጆቹ 2021 በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ግዙፉ ሴል ሥራው ሲያልቅ የግድ አይሞትም። ወደ ትናንሽ ሴሎች ይበተናል፤ እነሱም መልሰው ሊዋሃዱ ይችላሉ። ለካ እነሱም ማታ ይበተናሉ! ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ። የእናቴን አጥንት ለሚበሉት መደሰቴ ነው እንግዲህ።

ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይገታቸው ነበር። ሴት ስታርጥ እሱ ይቀንሳል፣ እነሱ ይበረታሉ። በሌላ በኩል አጥንት ሸክም ሲያገኝ ይጠነክራል። እማዬ እንስራ ተሸክማ፣ እንጨት ተሸክማ፣ እኛን በየተራ አዝላ ነው የኖረችው። ያ ሁሉ ሸክም ባይኖርስ ዛሬ ምን ትሆን ነበር?

እኔም ሴት ነኝ፣ ተራዬ ይመጣል። ምን ተሸክሜ አውቃለሁ? ለአምስት ኪሎ ሽንኩርት ባጃጅ የምጠራ ሰው ነኝ። ይሄንንም የጻፍኩት አልጋ ላይ ጎብጬ ነው።